በጠፍር የተሰፋው ጀልባ

ልጃችን በነሐሴ በኩፍኝ ሞተች። አራት ዓመት ሊሞላት ትንሽ ቀርቷት ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ እንዲያዝንልኝ ብዬ አይደለም፤ ሳልናገረው ብቀር፣ «የጎንደር ኮርቻ ሰሪ ሚስት ከጀልባ ጋር ምን አገናኛት?» የሚል ስለማይጠፋ ነው።

በቀብሯ ዕለት አላለቀስሁም። የሰፈራችን የቀሐ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ሲያለቅሱ እኔ የማየው ከፊቴ የቆመችውን ሴት ተረከዝ ነበር። ተሰነጣጥቋል። ቅቤ ብትቀባው ይሻላት ነበር እያልሁ አስብ ነበር። ልጄ አፈር ስትገባ ያሰብሁት ይህንን ነው። ወደ ቤት ስንመለስ አንዷ ለጎረቤቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለቻት። ለእኔ የተወረወረች መሆኗ አልጠፋኝም፤ ግን አልተቀየምኋትም። ለመቀየምም አቅም ያስፈልጋል።

ባለቤቴ በቀብሩ ላይ ሰው ደግፎት አለቀሰ። ከሠልስቱ በኋላ ግን መዶሻውን አንሥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ጓሮ፣ ከሾላው ሥር፣ ቀኑን ሙሉ ቋ ቋ ቋ ይላል። በእኔ ውስጥ ሳይደነዝዝ የቀረ ነገር ቢኖር ለዚያ መዶሻ ያለኝ ጥላቻ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ አልቅሶ ወጣለት፣ ተገላገለ ብዬ ፈረድሁበት። ምግብ ሳቀርብለት ይበላል፤ ውኃ ሳፈስለት ይታጠባል። እሱም አያወራኝም፣ እኔም አላወራውም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኛ ግን የነቀዘ ይመስለኛል።

ጊዜው ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው። ጣሊያን ቢሄድም መንገዱና ማኪናው ቀሩ። ድሮ በቅሎ ሸልመው የሚሄዱ ሰዎች አሁን ከጭነት ማኪና ላይ በጆንያ መካከል ተቀምጠው፣ አቧራ ለብሰው መሄድን ሥልጣኔ ብለውት ነበር። የኮርቻ ገበያው ቀዘቀዘ። ከጣሊያኖቹ ደግሞ ጥቂቶቹ እዚሁ ቀርተው ነበር፤ አንዱ ከእኛ ቤት ወረድ ብሎ ጋራዥ የነበረው መካኒክ ነው። በግቢው ውስጥ፣ ከአሮጌ ጎማ መካከል፣ አንድ የእንጨት ጀልባ ተጋድሞ ይታያል። በወረራው ዘመን መኮንኖቹ ጎርጎራ ላይ ጣና ሐይቅ ውስጥ ይንሸራሸሩበት ነበር አሉ። ሞተሩ ነክሶ አልዞር ሲል ለጥገና ጎንደር መጣ፤ ሳይጠገን ጦርነቱ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ የጠየቀው ሰው የለም። መካኒኩ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አስመራ ሊሄድ ሲነሣ ባለቤቴ ጀልባውን በአንድ ኮርቻ ለወጠው። ሰውዬው በቅሎ የለውም። ኮርቻውን ለምን እንደፈለገው እስከ ዛሬ አላውቅም።

መስቀል ባለፈ ሰሞን የሰፈር ወንዶች ተሸክመው አመጡት። በበራችን አልገባ ስላለ አጥሩን አፈረሱ። ከሾላው ሥር ካስቀመጡት በኋላ ዙሪያውን ቆመው ላባቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

«አያ ኖኅ፣ ዝናቡ መቼ ነው?» አለ አንዱ።

«ለጥምቀት ነው እንጂ! ከፋሲል መዋኛ ወዲያ ማዶ ሊያሻግረን ነው።»

የነፍስ አባታችን ሳይቀሩ መስቀላቸውን አሳልመውን ሲያበቁ ጀልባውን አየት አድርገው፣ «ላም አለኝ በሰማይ» ብለው አለፉ። ባለቤቴ ፈገግ እንኳ አላለም። ለእኔ ግን ያን ቀን ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ነገረኝ፤ ከቀብሩ ወዲህ ከተናገረው ሁሉ ረጅሙ ንግግር ይህ ነበር። ጎረቤታችን የሆነው እስላም ነጋዴ በማኪናው ጨውና አቡጀዴ ጭኖ ጎርጎራ ይወርዳል፤ ሲመለስ የምናጠምደውን ዓሣ ጭኖ ሊያመጣልን ይችላል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጎንደር ላይ ዓሣ የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም እያሉ ካህናቱ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ የሚበላው ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም። «በታንኳ ከሚያጠምደው ሰው የበለጠ ራቅ ብዬ እገባለሁ» አለ ባለቤቴ። ዕድሜ ልኩን ከቀሐ ወንዝ የጠለቀ ውኃ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

«ጥሩ» አልሁት። ቢሰምጥም ቢንሳፈፍም ለእኔ አንድ ነበር።

ጥቅምት ላይ ታላቅ ወንድሜ ሊያጽናናኝ ከአባታችን አገር ከዛሪማ መጣ። የሊማሊሞን ዳገት በበቅሎ ወጥቶ፣ ፊቱ በብርድ ጠቁሮ፣ ከመደቡ ላይ ተቀመጠና ቤቱን አየው። ልጅ የሌለበት ቤት እንዴት እንደሚጸዳ የሚያውቅ ያውቀዋል። ምንም ነገር ከቦታው አይነቃነቅም።

«ምነው እዚህ ትቀመጫለሽ?» አለኝ ባለቤቴ ጓሮ ሳለ። «አባታችን ቤት አልፈረሰ። ባልሽ እንደሁ ሸጋ ሰው ነው፣ ክፉ አይናገርሽም። ግን እሚያናግርሽም የለ። ለጥምቀት ስመጣ አብረሽኝ ውረጂ።»

«እሺ አያ» አልሁት። ሌላ ነገር ቢጠይቀኝም እሺ ነበር የምለው። ለባለቤቴ በዚያው ዕለት ነገርሁት። ተጋብተን የነበረው በሰማንያ ውል እንጂ በቁርባን ስላልሆነ ሽማግሌ ፊት ቀርበን ብንለያይ የሚያስገርመው ሰው አልነበረም። ባለቤቴ ወስፌውን በእጁ አገላበጠ።

«ጀልባው እስኪያልቅ ቆይልኝ» አለ በመጨረሻ። «ብቻዬን ልሰፋው አልችልም።»

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። ጀልባው ሲያልቅ እኔ እሄዳለሁ። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ወንድሜም አውቆ ተመለሰ።

ጀልባው ጎንደር ላይ ፀሐይ ሲበላው ስለኖረ ሳንቃዎቹ ደርቀው ተለያይተዋል። በአንዳንዱ ስንጥቅ ውስጥ ጣት ይገባል። ሳንቃዎቹን የሚይዙት የጎን አጥንቶችም ላልተው ይንገጫገጫሉ። የጀልባ ሠሪ ቢሆን ሬንጅና ቃጫ፣ የማይዝግ ምስማርና ሌላም ይጠቀም ነበር ይሆናል። እኛ ግን ያለን የኮርቻ ሰሪ ዕቃ ነው። የነከሰውን ሞተር ለአንድ ብረት ቀጥቃጭ ሰጥቶ የዋንዛ ሳንቃ አመጣ፤ የበሰበሰውን በዚያ ተካው። ከኮርቻ የተረፈ ወይራ ጠርቦ መቅዘፊያ አደረገው። ሰምና ሞራ አቅልጠን ስንጥቁን ደፈንን። የቀረውን ሁሉ ለጠፍር ተወነው።

ጠፍር በእኛ አገር የማይጠግነው ነገር የለም። ጥሬ የበሬ ቆዳ ውኃ ውስጥ ያድራል፤ ሲለሰልስ ይቆረጣል፣ እየተጎተተ ይታሰራል። ሲደርቅ ይኮማተርና ያሰረውን ነገር ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። አልጋው፣ ኮርቻው፣ ሞፈርና ቀንበሩ፣ የተሰበረ የጠመንጃ ሰደፍ ሳይቀር በጠፍር ነው የሚታሰረው። ባለቤቴ የጀልባውን አጥንቶች አንድ በአንድ እንደ ኮርቻ እንጨት በጠፍር አሰራቸው። ከዚያ ሆዱን በሙሉ ከውጭ በቆዳ አለበሰውና በጅማት መስፋት ጀመርን።

የስፌቱ ነገር ሁለት ሰው የሚፈልግ ነው። ጀልባውን በድንጋይ ላይ ከፍ አድርገን አስቀምጠነዋል። እኔ ከሥሩ በጀርባዬ እተኛለሁ፣ እሱ ከውስጥ ይቀመጣል። እሱ በወስፌ ይበሳል፤ ጅማት ያዘለው መርፌ በቀዳዳው ወደ እኔ ይወርዳል፤ እኔ ስቤ አጠብቅና በሚቀጥለው ቀዳዳ መልሼ እሰድለታለሁ። ከኅዳር እስከ ጥር ሥራችን ይህ ነበር። ፊቱን አላየውም፤ የማየው የመርፌውን ጫፍ ነው። ብቅ ይላል፣ እስበዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ። አንዳንድ ቀን መርፌው ሳይመጣ ይዘገያል። እላይ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፤ አልጠየቅሁትምም። እኔም በበኩሌ ተኝቼ ሳንቃውን እያየሁ መርፌውን የያዝሁ መሆኔን የምረሳበት ጊዜ ነበር። ሲጠብቅ ይቆይና ቀስ ብሎ ሳንቃውን ሁለቴ ይመታል። ያን ጊዜ እሰድለታለሁ።

ማታ ማታ ለነገ የሚሆነውን ቆዳ በጋን ውኃ ውስጥ የምነክረው እኔ ነበርሁ። ጠዋት ሳወጣው ለስልሶ፣ ከብዶ፣ እጄ ላይ ይንጠለጠላል። ጫፉን በጣቴ ጫን አድርጌ መድረሱን እፈትንና እሰጠዋለሁ።

ጥር ሲገባ ጀልባው ደረቀ። በጣት ሲነኩት እንደ ከበሮ ይጮኻል። ሲስቁበት የነበሩት ሰዎች መጥተው እየዞሩ መታ መታ አደረጉት፤ አንዱ ከላዩ ወጥቶ ዘለለበት፤ ምንም አልተነቃነቀም። መቼም ሰው ሲስቅም ሲያደንቅም አንድ ላይ ነው። ነጋዴው ጎረቤታችን በቡጢ መትቶት፣ «ማሻ አላህ፣ ይኼ እንኳን ሐይቅ ባሕርም አይበግረው» አለ። ለጥምቀት የመጣው ወንድሜ ደግሞ ስፌቱን በአውራ ጣቱ እየተከተለ፣ «ሸጋ እጅ አላችሁ። በሬ ቢጎትተው አይበጠስ» አለን። «አላችሁ» ማለቱን ሰማሁ፤ ምንም አልመሰለኝም።

ጥምቀት አለፈ። ታቦቱ ከቀሐ ወደ መንበሩ ሲመለስ ከግቢዬ በር ቆሜ ከበሮውን ሰማሁ፤ ባለፈው ዓመት ልጄ በጀርባዬ ሆና ከዚያው በር ላይ ቆመን ነበር። ይህንን አወቅሁት እንጂ አልተሰማኝም። በማግስቱ ጓዜን ጠቅልዬ ከደጃፍ አስቀመጥሁ። ያለኝ ልብስና አንድ ሣጥን ነው። ወንድሜ ግን ጀልባ ውኃ ላይ ሲሄድ አይቶ ስለማያውቅ ሳያይ አልሄድም አለ። ስለዚህ በቅሎውን ከቤት አስረን፣ ሁላችንም ከጀልባው ጋር በነጋዴው ማኪና ላይ ተጭነን ወደ ጎርጎራ ወረድን። ከሐይቁ ስንመለስ ወደ ዛሪማ እንነሣለን ተባባልን። ባለቤቴም ይህን ሲባል እዚያው ተቀምጦ ነበር። ጀልባው እንዳይንገጫገጭ ገመዱን ይዞ፣ ዓይኑን ከገመዱ አላነሣም።

ጎርጎራ ስንደርስ ጠዋት ነው። ከዳርቻው ወይጦ የሚባሉት፣ በሐይቁ የሚኖሩት ሰዎች፣ የደንገል ታንኳቸውን ይሠራሉ፤ ሴቶቹ ከውኃው ዳር የበቀለውን ደንገል ያጭዳሉ። የእኛ ሰው እነሱን ይጸየፋል፤ ከእጃቸው አይበላም፣ ሰላምታም ይነፍጋቸዋል። እነሱም ጀልባችንን ቆም ብለው አዩና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ወንዶቻችን አውርደው ውኃው ላይ ሲያስቀምጡት ተንሳፈፈ። ወንድሜ እንደ ልጅ አጨበጨበ። ነጋዴው ከማኪናው ጋቢና ውስጥ ጥሩምባውን ነፋ። ባለቤቴ መረቡን ይዞ ገባ፣ ተቀመጠ፣ መቅዘፊያውን በማያውቅ እጅ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እያለ ራቀ።

እኔ ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። አለቀ፣ አልሁ ለራሴ። ደስታም አልነበረውም፣ ሐዘንም አልነበረውም። የሊማሊሞ ብርድ ከባድ እንደሆነ አሰብሁ፤ ወፍራሙን ጋቢ ከላይ ማድረግ ነበረብኝ።

ፀሐይዋ ከፍ እስክትል ድረስ መረቡን ጣለ፣ ሳበ፣ እንደገና ጣለ። ዓሣ ይዞ እንደሆን ከሩቅ አይታይም። ከዚያ መረቡን ትቶ ጎንበስ ሲል አየሁት። በቅል ውኃ ይቀዳና ይደፋል። ይቀዳና ይደፋል። ጀልባው ከመካከሉ ሰርጎድ ያለ መሰለኝ፤ ሁለቱ ጫፎቹ ቀና ቀና አሉ። ወንድሜ ተነሥቶ ቆመ።

«ምነው? ምን ሆነ? ውኃ ገባ መሰለኝ!»

ባለቤቴ ዋና አይችልም። ይህን አውቃለሁ። አሁን ቢሰምጥ ምን እሆናለሁ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ተቀምጬ አየሁ እንጂ ከድንጋዬ አልተነሣሁም። ወንድሜ እየጮኸ ወደ ወይጦዎቹ ሮጠ። አንድ ሽማግሌ ምንም ሳይጠይቅ ታንኳውን ገፍቶ ገባ፣ ደረሰበት፣ ገመዱን ተቀብሎ ወደ ዳር ይስበው ጀመር። ውኃው ከወገብ ሲደርስ ባለቤቴ ዘሎ ወረደና የጀልባውን ከንፈር በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ቆመ ብቻ። አይጎትትም፣ አይጮኽም። ሽማግሌው ገመዱን ይዞ፣ «ና እንጂ!» ይለዋል፤ እሱ አይሰማም።

ያን ጊዜ ተነሣሁ። ለምን እንደተነሣሁ አላውቅም፤ ምናልባት ሰው እንደዚያ ቆሞ ሲቀር ማየት ስለሚከብድ ይሆናል። ከነቀሚሴ ውኃው ውስጥ ገባሁ፤ ቀዝቃዛ ነበር። ከጀልባው ማዶ ሆኜ እጄን ከሆዱ ላይ አሳረፍሁ። ቆዳው ለስልሷል። ተንዘርጥጦ፣ ከስፌቱ ላልቶ፣ ከብዶ እጄ ላይ ተንጠለጠለ። በጣቴ ጫን አደረግሁት። ደርሷል። ጠዋት ጠዋት ከጋን እንደማወጣው፣ ለመቁረጥ ደርሷል።

ባለቤቴ እጄን አየ። ከዚያ ፊቴን አየኝ። ከነሐሴ ወዲህ እንዲህ በቅርብ ተያይተን አናውቅም ነበር። ጢሙ ሸብቷል። በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ነው፤ ጢሙ መቼ እንደሸበተ አላየሁም።

«ረሳሁት» አለ። «ቆዳ ውኃ ውስጥ እንደሚላላ ረሳሁት እኮ።»

ቆዳ ሲነክርና ሲለፋ ያደገ ሰው ነው። አባቱም አያቱም ይህንኑ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ኮርቻ ዝናብ እንዳይነካው ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚቆጣ፣ «ጠፍርን ውኃ አታስነኩት» እያለ የጎንደርን ባለ በቅሎ ሁሉ ያሰለቸ ሰው ነው። እና ረሳው። እያንዳንዱን ቋጠሮ ሲያስር፣ መርፌውን ሲሰድልኝ፣ በአእምሮው ውስጥ ማንም አልነበረም። ከላይ ተቀምጦ የሚሰፋው ባዶ ሰው ነበር፤ ከሥር ተኝቼ የምስበው እኔም ባዶ ነበርሁ። እኔ ደግሞ በየማታው ያንን ቆዳ በገዛ እጄ ለማለስለስ ውኃ ውስጥ የምነክር ሰው ነኝ!

«እኔም ረሳሁት» አልሁት።

አንገቱን ደፋ። «እሷን ቀብሬ ከተመለስሁ ወዲህ ምን እንደምሠራ አላውቅም» አለኝ። «እጄ ይሠራል። እኔ አላውቅም።»

ከየት እንደመጣ አላውቅም። ከሆዴ ሥር፣ ከወለድኋት ቦታ ተነሣ። አፌን ከፈትሁና «ልጄን!» አልሁ። ሌላ ቃል አልነበረኝም። ልጄን፣ ልጄን፣ ልጄን አልሁ፤ ደረቴን ደቃሁ፣ ፀጉሬን ያዝሁ፤ ውኃው ውስጥ ወደቅሁ። ባለቤቴ ጀልባውን ለቀቀና ያዘኝ። አብረን አለቀስን። ናፈቀችኝ። አቤት ናፈቀችኝ! እስከዚያ ሰዓት ድረስ መሞቷን የሰማሁ እንጂ የሞተችብኝ አልነበርሁም።

ለቅሶ የሰማ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም። ደንገል የሚያጭዱት ሴቶች ማጭዳቸውን ጣሉ። ማን እንደሆንሁ አያውቁም፣ ማን እንደሞተም አያውቁም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ውኃው ውስጥ እየገቡ መጡና ከበውኝ ያለቅሱ ጀመር። አንዷ አሮጊት ደረቷን እየመታች ስታለቅስ ቆየችና፣ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ፣ አውጥተው ከዳር ሲያስቀምጡኝ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ማን ሞተብሽ እናቴ?»

«ልጄ።»

«እኔን! መቼ?»

ባለቤቴ ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ቀደምሁት።

«ዛሬ» አልኋት።

እርማችሁን አውጡ ብለው፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ አብረውን ተቀመጡ። ከቤታቸው ቆሎና የተጠበሰ ዓሣ አመጡ። ባለቤቴ ቆርሶ ሰጠኝ፤ ከእጃቸው በላሁ። ወንድሜ ከማኪናው ጎማ አጠገብ ጋቢውን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ዳገቱ አዙሮ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ጎንደር ላይ ጓዜን ራሱ ተሸክሞ ከደጃፍ ወደ ጓዳ መለሰልኝና፣ በቅሎውን ፈትቶ ብቻውን ወደ ዛሪማ ሄደ።